ጋንዲ ጠበቃ የሆነው ለምን ነበር?

ሰሞኑን በሕግ ተማሪዎች መኝታ ቤት መብራት እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም። የሚያስመሻቸው ፈተና እንዳይመስላችሁ። ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በጥብቅና ድርጅት ውስጥ በሠልጣኝነት ለመግባት የሚሞላውን ቅጽ ከፊታቸው ዘርግተው ነው የሚያመሹት። ስምን፣ ዕድሜንና የትምህርት ውጤትን የሚጠይቀው ክፍል በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ በታች ግን ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ተጽፈዋል። አንደኛው ሕግን ለምን መረጥህ ይላል፤ ሁለተኛው ከሌላው ቢሮ ሁሉ የእኛን ለምን መረጥህ ይላል። እዚህ ላይ ብዕር ይቆማል። አንዱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የፍትሕ ጥማት እንደ ነበረበት ይጽፋል፤ ጎረቤቱ ይህን አይቶ ይቀዳል፤ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ይቀዳል። በነጋታው በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት የተጠሙ ሰዎች ይገኛሉ፤ ከስድስቱ አንዱም ግን ውሃው የት እንዳለ ሊናገር አይችልም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች ተባብረው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ ወዲህ ይህ ጥያቄ ለእኛም ቀርቦናል። ጥያቄው ራሱ ግን አዲስ አይደለም። ከእኛ ብዙ ዘመን በፊት አንድ ወጣት ይህንኑ ተጠይቆ፣ መጀመሪያ በሰው አፍ፣ ቀጥሎ በምኞት፣ ከዚያም በችግር መለሰው። እውነተኛውን መልስ ያገኘው ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው። የዚህን ሰው ስም በአዲስ አበባ የማያውቅ የለም። ከመካከላችን አያሌዎቻችን የተወለድነው በስሙ በተሰየመው በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ጋንዲ የሀገሩን ሕዝብ ነጻ ለማውጣት ያደረገውን ትግል ሁሉም ያውቀዋል። ጠበቃ የሆነበትን መንገድ ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ ቅጹን ለያዙት ጓደኞቻችን ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ኦክቶበር 2 ቀን 1869 በምዕራብ ህንድ ፖርባንደር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አያቱም አባቱም ዲዋን ነበሩ። ዲዋን ማለት በእንግሊዝ የበላይ ጥበቃ ሥር ባሉት ትንንሽ የህንድ መንግሥታት ውስጥ ዋና ሚኒስትር ማለት ነው። ልጁ ዓይነ አፋር ነበረ፤ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ማንም እንዳያነጋግረው እየሮጠ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ በ13 ዓመቱ ካስቱርባ የምትባል እኩያውን አገባ። በ1885 አባቱ ሞተ። በ1887 የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናውን አልፎ ብሃቭናጋር ወደሚገኘው ሳማልዳስ ኮሌጅ ገባ፤ ነገር ግን መምህራኑ የሚናገሩትን መከተል ስላቃተው የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ማቭጂ ዳቬ የሚባል የቤተ ሰቡ የረጅም ዘመን ወዳጅና አማካሪ ሊጠይቃቸው መጣ። ይህ አስተዋይ ብራህማን ነገሩን በነጋዴ ሒሳብ አሰላው። ልጁ እዚያው ህንድ ቢማር አራት ወይም አምስት ዓመት ፈጅቶ የሚያገኘው የ60 ሩፒ ሥራ ነው፤ የአባቱን የዲዋንነት ወንበር ግን አያገኝም። እንግሊዝ አገር ሄዶ ባሪስተር፣ ማለት በከፍተኛ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ ቢሆን፣ ሦስት ዓመት ብቻ ይበቃዋል፤ ሲመለስም ወንበሩ ይጠብቀዋል። ወጣቱ ጋንዲ እንግሊዝ አገር የሚለውን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ ሕክምና ብማር አይሆንም ወይ አለ። ታላቅ ወንድሙ ወዲያው ተቃወመው፤ አባታቸው ይህን እንደማይወድና የእነርሱ ሃይማኖት ሬሳ መቅደድን እንደማይፈቅድ አስታወሰው። አማካሪውም ሐኪም ዲዋን ሊሆን አይችልም ብሎ ነገሩን ዘጋው።

እንግዲህ ልብ እንበል። በከተማችን ሆስፒታል በስሙ የተጠራለት ሰው በ18 ዓመቱ ሐኪም ልሁን ብሎ ተከልክሎ ነበር። ሕግን የመረጠለት ወንድሙና የቤተ ሰቡ አማካሪ ናቸው። በዚያን ቀን አንድ የጥብቅና ቢሮ ቅጹን ቢሰጠውና ሕግን ለምን መረጥህ ቢለው፣ እውነተኛው መልስ ቤተ ሰቤ መረጠልኝ፣ አባቴም ሹም ነበረ የሚል ይሆን ነበር። ከእኛ መካከል ይህን መልስ በሆዱ ይዞ በወረቀት ላይ የፍትሕ ጥማት የሚጽፈው ስንቱ ነው?

ለመንገድና ለትምህርት ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና፣ ከፖርባንደር መንግሥት እርዳታ እንዲለምን ተመከረ። በዚያን ጊዜ ግዛቱን የሚያስተዳድረው ሌሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ። ከራጅኮት እስከ ፖርባንደር ባቡር ስላልነበረ መንገዱ በበሬ ጋሪ አምስት ቀን ያስኬዳል። ጋንዲ እስከ ግማሽ መንገድ በጋሪ ሄደ፤ ከዚያም አንድ ቀን ለማትረፍ ሲል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግመል ተቀመጠ። ለባለሥልጣኑ የሚናገራቸውን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አስቀድሞ በቃሉ አጥንቶ ነበር። ሲደርስ ሰውየው ወደ ፎቁ ሊወጣ ደረጃ ላይ ነበረ። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ እጅ ነሥቶ ያጠናውን ተናገረ። ሌሊም አስቀድሞ የባችለር ዲግሪውን ይዞ እንዲመጣ፣ አሁን ምንም እርዳታ እንደማይሰጠው ነግሮት ደረጃውን እየተቻኮለ ወጣ። ያ ሁሉ ጥናትና ያ ሁሉ የግመል መንገድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። በቃል የተጠና መልስ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ጋንዲ ያየው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ወንድሙ ገንዘቡን ቻለ። እናቱ ልጄ በባዕድ አገር ይበላሽብኛል ብላ ስለ ፈራች፣ ወይን እንዳይጠጣ፣ ሥጋ እንዳይበላ፣ ሴት እንዳይነካ በአንድ መነኩሴ ፊት አስማለችው። ቦምባይ ሲደርስም የወገኖቹ ሽማግሌዎች ባሕር መሻገር ክልክል ነው ብለው አወገዙት፤ የረዳውም ሆነ እስከ ወደብ የሸኘው ሰው አንድ ሩፒ ከአራት አና እንዲቀጣ ወሰኑ። እርሱ ግን ሴፕቴምበር 4 ቀን 1888 በመርከብ ተሳፈረ።

ለንደን ደርሶ ኢነር ቴምፕል በሚባለው የጠበቆች ማኅበር ተመዘገበ። የዚያን ዘመን የባሪስተርነት ትምህርት ለእኛ ተማሪዎች የሚያስቀና ነው። ሁለት ነገሮች ብቻ ይጠየቁ ነበር፤ አንደኛው ፈተና ማለፍ ሲሆን ሁለተኛው እራት መብላት ነው። ተማሪው 12 የትምህርት ዘመናትን መቆየትና በየዘመኑ ከሚደረጉት 24 ያህል ግብዣዎች ቢያንስ በስድስቱ መገኘት ነበረበት። ለአራት ሰው ሁለት ጠርሙስ ወይን ይቀርባል፤ ጋንዲ ለእናቱ በገባው ቃል ምክንያት ስለማይጠጣ፣ ሦስቱ ድርሻውን ለመካፈል ሲሉ ከእኛ ጋር ተቀመጥ እያሉ ይሻሙበት ነበር። ይሁን እንጂ እርሱ ትምህርቱን በቀልድ አልያዘም። ሌሎቹ በአጭር ማስታወሻ አጥንተው የሚያልፉትን የሮማውያን ሕግ በላቲን ቋንቋ አነበበ።

ጁን 10 ቀን 1891 ጠበቃ ተባለ፤ በማግስቱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ስሙ ተመዘገበ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ አገሩ ተሳፈረ። በዚያው ወር ለንደን የሚታተመው የአትክልት ተመጋቢዎች ጋዜጣ ከእርሱ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ አወጣ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዛሬ ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ ነው፤ ወደ እንግሊዝ አገር እንድትመጣና የሕግን ሙያ እንድትይዝ ያነሣሣህ ምንድን ነው አሉት። ጋንዲ ነገሩን በአንድ ቃል ጠቅልሎ፣ ምኞት ነው ብሎ መለሰ፤ ታላቅ ሰው የመሆን ምኞት ማለቱ ነው። ይህ መልስ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ቢያንስ የራሱ ነው፤ አልዋሸበትም። ነገር ግን ምኞት ጠበቃን ፍርድ ቤት ድረስ ያደርሰዋል እንጂ እዚያ ቆሞ እንዲናገር አያደርገውም።

ይህን ጋንዲም ያውቀው ነበር። የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሳለ ፍርሃት ያዘው፤ ሕጉን አንብቧል፣ እንዴት እንደሚሠራበት ግን አያውቅም፤ የህንድን ሕግ ደግሞ ጭራሽ አልተማረም። በዚያን ጊዜ በቦምባይ ስመ ጥር የነበረው ጠበቃ ፌሮዝሻህ ሜህታ ነበረ፤ ወጣቱ እንደ እርሱ ካልሆንኩ እንጀራ አላገኝም ብሎ ተጨነቀ። ለመሄድ ሲቃረብ ፍሬድሪክ ፒንከት የሚባል የህንድ ተማሪዎች ወዳጅ የሆነ እንግሊዛዊ ዘንድ ሄዶ ጭንቀቱን አዋየው። ሽማግሌው ስቆ፣ ሁሉም ሰው ሜህታ መሆን እንደማያስፈልገው፣ ለአንድ ተራ ጠበቃ ቅንነትና ትጋት እንደሚበቁት ነገረው።

አገሩ ሲደርስ እናቱ ሞታ ጠበቀችው፤ ቤተ ሰቡ እርሱ በሰው አገር ሳለ እንዳይደነግጥ ብለው ደብቀውት ነበር። ቦምባይ ሄዶ ቢሮ ከፈተ። የመጀመሪያ ጉዳዩ ማሚባይ የምትባል ሴት የተከሰሰችበት አነስተኛ ክርክር ነበረ፤ ዋጋው 30 ሩፒ ነው። የከሳሽን ምስክሮች ሊጠይቅ ተነሣ። ራሱ ዞረበት፤ ፍርድ ቤቱም ከእርሱ ጋር የሚዞር መሰለው፤ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልመጣለትም። ቁጭ አለና፣ ለባለጉዳይዋ ወኪል ሌላ ጠበቃ እንዲይዝ፣ ገንዘቡንም መልሶ እንዲወስድ ነገረው። ሌላው ጠበቃ በ51 ሩፒ ጉዳዩን ይዞ እንደ ጨዋታ ሠራው። ጋንዲ ደንበኛው ትርታ ትሸነፍ አያውቅም፤ በእፍረት ከአዳራሹ ሮጦ ወጣ፤ ደቡብ አፍሪካ እስኪሄድ ድረስም ፍርድ ቤት ቆሞ አልተከራከረም።

ከዚያም በሰው ሁሉ ላይ የሚደርሰው ደረሰበት፤ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ። አንድ ስመ ጥር ትምህርት ቤት በቀን አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው በ75 ሩፒ የወር ደመወዝ ይፈልግ ነበር። ጋንዲ አመለከተ፤ ለቃለ መጠይቅም ተጠራ፤ ደስ ብሎት ሄደ። ርእሰ መምህሩ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እንደሌለው ሲያውቅ ይቅርታ ጠይቆ አሰናበተው። የለንደን ባሪስተር ነኝ፣ ላቲንም ተምሬያለሁ ቢል አልረዳውም። ስድስት ወር ያህል ቦምባይ ከቆየ በኋላ ቢሮውን ዘግቶ ወደ ራጅኮት ተመለሰ፤ እዚያም በወንድሙ ወዳጆች በኩል ማመልከቻና አቤቱታ እየጻፈ በወር እስከ 300 ሩፒ ያገኝ ጀመር። ነገር ግን አንድ ቀን ለወንድሙ ጉዳይ አማላጅ ሆኖ ለንደን የተዋወቀው እንግሊዛዊ ሹም ዘንድ ቢሄድ፣ ሹሙ በዘበኛ እጅ ከቢሮው አስወጣው። ሥራው ሁሉ በዚያ ሹም ችሎት ስለ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ ያ አገር አስጠላው።

በዚህ መካከል ከፖርባንደር አንድ ደብዳቤ መጣ። ዳዳ አብዱላ የሚባል የነጋዴዎች ድርጅት በደቡብ አፍሪካ የ40,000 ፓውንድ ክርክር ነበረበት። እዚያ ያሉትን ነጭ ጠበቆች የሚረዳ፣ ጉጅራቲና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ጊዜው ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ ዋጋው 105 ፓውንድ ሲሆን የመርከብ መሄጃና መመለሻ በአንደኛ ማዕረግ፣ ምግብና ማደሪያም በድርጅቱ ነው። ጋንዲ ይህ የባሪስተር ሥራ ሳይሆን የድርጅት አገልጋይነት መሆኑን አልሳተም። ሆኖም ከዚያ አገር መውጣት ፈልጎ ነበር፤ 105ቱን ፓውንድም ለወንድሙ መላክ ይችላል። ሳይከራከር ተቀበለ። ሁለተኛውን የቅጽ ጥያቄ፣ የእኛን ቢሮ ለምን መረጥህ የሚለውን፣ በዚያን ቀን ቢጠየቅ ኖሮ እውነቱ ችግር ነው፤ ከእናንተ በቀር የጠራኝ የለም ማለት ነበረበት። ይህንም እንደ ነውር አንቁጠረው። ብዙ መልካም ሥራ የሚጀመረው በእንጀራ ምክንያት ነው።

በ1893 በሜይ ወር ደርባን ወደብ ደረሰ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ወደ ፕሪቶሪያ ሲጓዝ፣ ፒተርማሪትስበርግ ጣቢያ ላይ የአንደኛ ማዕረግ ትኬት ይዞ ሳለ ቆዳው ነጭ ስላልሆነ ከባቡር ተጥሎ በብርድ እንዳደረ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው። ስለዚያ ሌሊት ብዙ ተጽፏል። ለሕግ ተማሪ የሚጠቅመው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዓመት ነው።

ፕሪቶሪያ እንደ ደረሰ የድርጅቱ ጠበቃ ለክርክሩ ታላላቅ ባሪስተሮች ስለ ተያዙ ለእርሱ የሚሆን የባሪስተር ሥራ እንደሌለ ነገረው። የሚፈለግበት ከደንበኛው መረጃ መሰብሰብና ደብዳቤ መተርጎም ብቻ ነው፤ በዛሬ አነጋገር ሠልጣኝ ማለት ነው። ነገሩ የሒሳብ መዝገብ ነገር ነበረ፤ ጋንዲ ግን ሒሳብ አያውቅም። ጸሐፊዎቹ እየደጋገሙ የሚጠሩትን አንድ አጭር የንግድ ቃል ትርጉም በመዝገበ ቃላት ፈልጎ አጣው፤ ኋላ ሲጠይቅ የተስፋ ሰነድ ማለት መሆኑን ነገሩት። አላፈረም፤ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ገዝቶ ተማረ። እያንዳንዱን ደረሰኝ፣ እያንዳንዱን ደብዳቤ አገላብጦ አነበበ። ፒንከት በለንደን ሲመክረው የሕግ ሦስት አራተኛው እውነተኛው የነገሩ ሁኔታ ነው ያለው ቃል እዚህ ገባው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከታላላቆቹ ጠበቆች ይልቅ ጉዳዩን የሚያውቀው እርሱ ሆነ።

ሲያውቀው ሁለት ነገር ታየው። አንደኛ፣ ደንበኛው እውነት አለው፤ ያሸንፋል። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ወገኖች ይጠፋሉ። ተከሳሹ ታይብ ሼት የዳዳ አብዱላ ዘመድና የአንድ ከተማ ልጅ ነበረ። የጠበቆቹ ዋጋ በየቀኑ ይጨምራል፤ የነጋዴዎቹ ሐሳብ ሁሉ በክርክሩ ተይዟል፤ ጥላቻቸውም እያደገ ሄዷል። ጋንዲ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ በሽምግልና እንዲጨርሱ ለመናቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ፤ ሽማግሌ ዳኛ ተመረጠ፤ ነገሩ ተሰማ፤ ዳዳ አብዱላም ረታ። ታይብ ሼት 37,000 ፓውንድና ኪሣራ እንዲከፍል ተፈረደበት።

ለተራ ጠበቃ ሥራው እዚህ ያልቃል። ለጋንዲ ግን አላለቀም። ታይብ ሼት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መክፈል አይችልም፤ በዚያ የነበሩት የፖርባንደር ነጋዴዎች ደግሞ ከስረናል ብለው ከማወጅ ሞትን ይመርጡ ነበር። ስለዚህ ጋንዲ ወደ አሸናፊው ሄዶ ገንዘቡን በረጅም ጊዜ ቀስ በቀስ እንዲቀበል ለመነው። ተሸናፊውን ወደ ሽምግልና ከማምጣት ይልቅ አሸናፊውን ማስታገሥ ከበደው፤ ቢሆንም ተሳካለት። ሁለቱም ክብራቸው ሳይጓደል ተለያዩ።

አባቶቻችን ለሌላው ቆሞ የሚሟገተውን ሰው ነገረ ፈጅ ይሉት ነበር። ቃሉን ብናስተውለው ነገርን የሚፈጅ፣ የሚጨርስ ማለት ነው፤ ነገርን የሚያረዝም ማለት አይደለም። ጋንዲ አማርኛ ባያውቅም ሥራውን በፕሪቶሪያ ያወቀው በዚሁ ትርጉም ነው። የጠበቃ ተግባር የተጣሉትን ማስታረቅ መሆኑ እንደ እሳት ማኅተም በልቡ ታተመ። ደስታውም ወሰን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በጥብቅና በቆየባቸው 20 ያህል ዓመታት የሚበልጠውን ጊዜ ያሳለፈው በመቶ የሚቆጠሩ ጉዳዮችን ከፍርድ ቤት ውጭ በማስታረቅ ነበረ፤ በዚህም ገንዘብ እንኳ እንዳልጎደለበት ኋላ ጽፏል። ሕግን ለምን መረጥህ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የተገኘው እንዲህ ነው፤ ከተጠየቀ አምስት ዓመት ዘግይቶ፣ በደረሰኝ ክምር መካከል።

ዓመቱ አልቆ ሊመለስ ሲል በ1894 የናታል መንግሥት የህንዶችን የመምረጥ መብት የሚያስቀር ሕግ አቀረበ፤ ወገኖቹም ቆይልን አሉት። ለሕዝብ ሥራ ዋጋ አልቀበልም ብሎ፣ 20 ያህል ነጋዴዎች የግል ጉዳያቸውን እንዲሰጡት ተስማምቶ ቀረ። የናታል የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በጠበቃነት እንዳይመዘገብ ተቃወመ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ሕጉ ነጭና ጥቁር አይለይም ብሎ ተቀበለው።

የተገኘው መልስ በሥራ የሚፈተንበት ጊዜም መጣ። አንድ ጊዜ በሽምግልና ደንበኛው ከረታ በኋላ በሒሳቡ ውስጥ ለደንበኛው የሚጠቅም ስሕተት ተገኘ። ታላቁ ባሪስተር ስሕተቱን ማመን የደንበኛን ጥቅም መጉዳት ነው አለ። ጋንዲ ግን ደንበኛውን አስፈቅዶ ስሕተቱን ራሱ ፍርድ ቤት ፊት ተናገረ፤ ዳኞቹ በመጀመሪያ ቢጠራጠሩም በመጨረሻ የተስተካከለውን ውሳኔ አጸኑለት። ሌላ ጊዜ ደግሞ የቅርብ ወዳጁና ደንበኛው ፓርሲ ሩስቶምጂ ቀረጥ ሳይከፍል ዕቃ ሲያስገባ መኖሩ ታወቀበት። ጋንዲ ያደረከውን ሁሉ ሄደህ ተናዘዝ፣ ለመታሰርም ተዘጋጅ አለው። ሰውየው ታዘዘ፤ ያመነውን ገንዘብ እጥፍ አድርጎ ከፈለ፤ የነገሩንም ታሪክ ጽፎ በመስታወት አስገብቶ ለልጆቹ ማስታወሻ እንዲሆን በቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ከ1903 ጀምሮ ጋንዲ በዮሐንስበርግ ቢሮ ሲከፍት እርሱ ራሱ ሠልጣኝ ተቀባይ ሆነ። በዚያ አገር ልማድ ጠበቃ ሊሆን የሚፈልግ ሰው በአንድ ጠበቃ ቢሮ ውል ገብቶ ለዓመታት መሥራት ነበረበት። ሄንሪ ፖላክ የሚባል እንግሊዛዊ የጋዜጣ ሥራውን ትቶ በዚህ ውል ከጋንዲ ዘንድ ገባ፤ ጠበቃም ሆኖ ወጣ። ሌላዋ ሶንያ ሽሌሲን ናት። በ17 ዓመቷ ገደማ በጽሕፈት ሥራ ተቀጠረች። ደመወዟ አነስተኛ ስለ ነበረ ጋንዲ ሊጨምርላት ሲል፣ የመጣችው ለገንዘብ ሳይሆን ዓላማውን ስለ ወደደችው መሆኑን ነግራ እምቢ አለችው። ቃሏን በሥራ አሳየች፤ መሪዎቹ ሁሉ በታሰሩ ጊዜ ደብዳቤውን፣ ሒሳቡንና ሺህ የሚሆኑትን ታጋዮች የምትመራው እርሷ ነበረች።

የእኛን ቢሮ ለምን መረጥሽ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ማን ሰጥቷል? ሆኖም በ1909 ጋንዲ በሠልጣኝነት ውል ሊያስገባት ሲጠይቅ የትራንስቫል የሕግ ማኅበር ሴት ናት ብሎ ከለከለ፤ ለፍርድ ቤት ብታመለክትም ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ለሴቶች የጥብቅናን በር የከፈተው በ1923 ነው። ይህን የምጽፈው ቅጹን የያዙትን እኅቶቼንና ወንድሞቼን ለማስፈራራት አይደለም። መልካም መልስ በር ሁሉ አይከፍትም፤ በሩ ሲዘጋ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የመልሱ እንዳልሆነ እንዲታወቅ ነው።

ጋንዲ ሙሉ ጊዜውን ለሕዝብ ሥራ ለመስጠት ጥብቅናን ተወ፤ በ1914 ደቡብ አፍሪካን ለቆ በ1915 ወደ አገሩ ገባ። በ1922 በማርች ወር በአህመዳባድ ሕዝብን በመንግሥት ላይ አነሣሥተሃል ተብሎ ሲከሰስ ጠበቃ አላቆመም፤ ክሱን አምኖ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ኢነር ቴምፕል ስሙን ከጠበቆች መዝገብ ፋቀው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 በኒው ዴልሂ በጥይት ተገደለ። ማኅበሩ ስሙን መልሶ የጻፈው በ1988 ነው፤ ከሞተ 40 ዓመት በኋላ። መዝገብ ይጽፋል፣ መዝገብ ይፍቃል፤ የታረቁት ሰዎች ግን ታርቀው ቀርተዋል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ዛሬ ማታ ቅጹ ፊት ስትቀመጡ ጋንዲን አስቡት። የቤተ ሰብ ምርጫ ቢሆን፣ ምኞት ቢሆን፣ ችግር ቢሆን የሚያሳፍር መነሻ አይደለም፤ እርሱም በሦስቱም አልፏል። የሚያሳፍረው ያላየነውን አየን ብሎ መጻፍ ነው። ከሕፃንነት ጥማት ይልቅ በእጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ፈልጉ። ለአንድ ጎረቤት የጻፋችሁለት ማመልከቻ ይሁን፣ ሰፈር ውስጥ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ ተቀምጣችሁ የሰማችሁት ነገር ይሁን፣ በነጻ የሕግ አገልግሎት ያገኛችሁት አንድ ባለጉዳይ ይሁን፣ ምን እንደ ነበረ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ያን ጊዜ ምን እንደ ገባችሁ በአጭሩ ጻፉ። ቢሮውንም ለምን መረጥህ ሲሏችሁ ስሙን አታወድሱት፤ ከሚሠራው ሥራ የትኛውን መማር እንደምትፈልጉ ንገሩት። እንዲህ ያለ ነገር ፈልጎ ያጣ ሰው ካለ ደግሞ አይዘን፤ ቅጹን ለጊዜው አጥፎ ያስቀምጥና ነገ ጠዋት ሄዶ አንድ ሰው ይርዳ። መልሱን ጎረቤቱ ሊቀዳበት የማይችል ያን ጊዜ ነው።